መጀመሪያ ውሃውን ለኩ፦ የዱቄት ሳሙና ለምትሠሩ ልጆች

ይድረስ ለእናንተ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተምራ የወጣች ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተክለሃይማኖት አካባቢ በተከራዩት ክፍል የዱቄት ሳሙና ይሠራሉ። «ጋሼ፣ ኦሞአችን እዚህ ግንፍል ብሎ ነው የሚያረፋው። ድሬዳዋ የላክነው ግን አያረፋም፣ የአንገት እድፍም አያስለቅቅም ብለው መለሱልን። ላብሳውን እንጨምርበት ይሆን?» አለችኝ።

ላብሳ መጨመር። ላብሳ ዱቄቱ ውስጥ የሚያረፋውና እድፍ የሚያነሳው የአጣቢ አሲድ ነው። ይህን መልስ ከዓመታት በፊት የሰጠ ቀመር አውቃለሁ። እስካሁን የሚጸጽተኝ ቀመር ስለሆነ ደብዳቤውን በእሱ እጀምራለሁ።

በ100 ኪሎ ዱቄት ውስጥ 16 ኪሎ ላብሳ፣ 40 ኪሎ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 5 ኪሎ ሲሊኬት ነበረው፤ የቀረው ማብዣ፣ ሰልፌትና ተራ ጨው ነው። ኤስቲፒፒ የሚባለው ውሃ የሚያለሰልስ ፎስፌት ዋጋው ስለናረ ወጥቶ በቦታው ሶዳ ገባ። የተሞከረው እዚሁ መሀል ከተማ በቧንቧ ውሃ ነው። አረፋው የሳፋውን አፍ አልፎ ፈሰሰ፣ ነጩ ሸሚዝ ጸዳ፣ ቀመሩ ጸደቀ። ከዚያ ውሃው የኖራ ድንጋይ አቋርጦ ወደሚመጣበት አገር ተጫነ።

መጀመሪያ የመጣው ቅሬታ ስለ እድፍ አልነበረም። «ጋቢው ሻከረ» የሚል ነው። ቆይቶ ነጠላው አመድማ ቀለም ያዘ። የሸሚዝ አንገትጌ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ደግሞ በታጠበ ቁጥር ይደምቃል እንጂ አይለቅም። ያኔ የተሰጠው መድኃኒት ይህቺ ልጅ ያሰበችው ነበር፤ ላብሳው ከ16 ወደ 20 ኪሎ ወጣ። ዱቄቱ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ፣ ከረጢቱ ውስጥም ድንጋይ ሠራ። እድፉ ግን እንዳለ ቀረ።

ለምን እንደሆነ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉኝ። የውሃ ጥንካሬ ማለት ውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ስሌቱ እንዲቀል ሁሉንም ካልሲየም እንበለው። ለምሳሌ ጥንካሬው በሊትር 300 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚሆን ውሃ እንውሰድ። ይህ በሊትር 3 ሚሊሞል ነው (ሞል የሞለኪውል ብዛት መለኪያ ነው)። 10 ሊትር ሳፋ ውስጥ 30 ሚሊሞል ካልሲየም አለ ማለት ነው። አጣቢዋ 50 ግራም ዱቄት ብትጨምር፣ ዱቄቱም 15 በመቶ አጣቢ (ላብሳው ከሶዳው ጋር ተዋህዶ የሚሆነው) ቢኖረው፣ ሳፋው ውስጥ የሚገባው 7.5 ግራም ወይም 21.5 ሚሊሞል ገደማ ነው። አንድ ካልሲየም ሁለት የአጣቢ ሞለኪውል ይይዛል። ስለዚህ ያ ውሃ 60 ሚሊሞል አጣቢ የማሰር አቅም አለው፤ እናንተ የሰጣችሁት የሲሶውን ያህል ነው። ወደ 20 በመቶ ብታሳድጉት 29 ሚሊሞል እንኳ አይሞላም። ከካልሲየም ጋር በላብሳ መወዳደር አያዋጣም።

«ሶዳው የት ሄደ?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። 30 ሚሊሞል ካልሲየም ለማርጋት 3.2 ግራም ሶዳ አሽ ይበቃል፤ ያ ቀመር ደግሞ በ50 ግራም ውስጥ 20 ግራም ያህል ይዞ ነበር። በቁጥር ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሶዳ ካልሲየምን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ አሟሙቶ የሚይዝ አለመሆኑ ነው። ጠጣር አድርጎ ያወርደዋል፤ ለዚያውም በቀዝቃዛ ውሃ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ካልሲየሙ አጣቢውን አግኝቶታል። በኋላ የሚወርደው የኖራ ብናኝም የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። በጥጥ ክር መካከል ይገባል፣ ተንሳፋፊውን ቅባትና ጥላሸት ይዞ ይደርቃል። ጋቢውን ያሻከረው፣ ነጠላውን ያጠቆረው እሱ ነው።

የአንገትጌው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የሰውነት ወዝ ውስጥ ነፃ የቅባት አሲድ አለ። ሶዳው አልካሊ ስለሆነ ያንን አሲድ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ይህ በለስላሳ ውሃ ጥሩ ነበር። በጠንካራ ውሃ ግን ያ ሳሙና ክሩ ላይ እንዳለ ካልሲየም ያገኘውና እንደ ሻማ የሚያጣብቅ፣ ውሃ የማይነካው ነገር ይሆናል። እድፉ በእጥበቱ ተተከለ ማለት ነው።

ምክንያቱ የተደረሰበት በሎሚ ነው። የሻከረው ጋቢ ላይ የሎሚ ጠብታ ሲያርፍ አረፋ እያወጣ ፈላ፤ ክሩ ውስጥ የገባው የኖራ ብናኝ፣ ካርቦኔት፣ ነበረ ማለት ነው። ጋቢው በሊትር 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ በሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ሲወጣ ለሰለሰ። የሚጸጽተው ዘዴው ርካሽ መሆኑ ነው። ዱቄቱ ከመጫኑ በፊት አንድ ጄሪካን ውሃ ከዚያ አገር ማስመጣት ይበቃ ነበር።

የዛሬ ልጆች ትጋታችሁ ያስደስተኛል። በቴሌግራም ቀመር ትለዋወጣላችሁ፣ መርካቶ ገብታችሁ ዋጋ ታወዳድራላችሁ፣ ከእኛ ዘመን ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ቀመሩን እንጂ ውሃውን የሚጠይቅ አላገኘሁም። ሁላችሁም አረፋ ታሳዩኛላችሁ። አዲስ አበባ እንኳ አንድ ውሃ የላትም። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ለስላሳ ነው፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ከዚያ ይጠነክራል። ሳሙናችሁን ማክሰኞ በአንዱ፣ አርብ በሌላው ሞክራችሁ ሊሆን ይችላል።

ቀመር ከእኔ አትጠብቁ ልል ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ድካሟ እንዳይቀር መነሻ የሚሆን አንድ ልስጥ። ለ100 ኪሎ፣ በእጅ ለሚታጠብ፣ ለጠንካራ ውሃ፦ ላብሳ (96 በመቶ) 13 ኪሎ፣ ቀላል ሶዳ አሽ 28፣ ኤስቲፒፒ 18፣ የዱቄት ሶዲየም ሲሊኬት 6፣ ባለ 7 ኢቶክሲሌት ኖንአዮኒክ (የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው አጣቢ) 2.5፣ ሲኤምሲ (የለቀቀው እድፍ ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳያርፍ የሚከላከል) 1፣ የፕሮቴዝና የሊፔዝ ኢንዛይም (ፕሮቲንና ቅባት የሚፈጩ) በድምሩ 600 ግራም፣ ኦፕቲካል ብራይትነር (ነጭ ልብስ የሚያደምቅ) 150 ግራም፣ ሽቶ 250 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፌት 30.5 ኪሎ። ከላይ ሶዳን ስወቅስ ቆይቼ 28 ኪሎ አስገባሁ። ብቻውን ሲቀር ነው የሚጎዳው። ኤስቲፒፒ አብሮት ሲኖር ካልሲየሙን ቀድሞ አሟሙቶ ይይዝለታል፤ በ50 ግራም ዱቄት ውስጥ ያለው 9 ግራም ከ30ው ሚሊሞል 24ቱን ይወስዳል። ኖንአዮኒኩ ካልሲየም አይነካውም። ከላብሳው ጋር ሲደባለቅ እሱንም ይጠብቀዋል፤ ፖሊስተር ላይ ላለ ቅባትም ከላብሳ ይሻላል። ላብሳው ከ16 ወደ 13 የወረደው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ። ሶዳው ቀላል የሚባለው ዓይነት ይሁን። ከባዱ አሲዱን አይመጥም፣ ውስጡ ያልተነካ እብጠት ይሠራል። ሶዳውን ማደባለቂያ ውስጥ አድርጋችሁ 1 ኪሎ ያህል ውሃ እርጩበት፤ እርጥበት ከሌለ አሲዱና ሶዳው አይገናኙም። ከዚያ ላብሳውን በቀጭኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እያንጠባጠባችሁ አስገቡ። ይግላል፣ ይነፋልም። አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ይዙር። ጓንት አድርጋችሁ ቆንጠር ያለ ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ እሹ። ቡናማ መስመር ከተወ አሲዱ አልሞተም፣ ቀጥሉ። ቀጥሎ ኤስቲፒፒ፣ ሰልፌት፣ ሲኤምሲ። ኖንአዮኒኩ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ስለሚረጋ ዕቃውን 40 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አቅልጡትና እርጩት። ዘርግታችሁ አሳድሩት።

ሲሊኬቱ የሚገባው በማግስቱ፣ በወንፊት ከተነፋ በኋላ ነው። ትኩስ አሲድ ካገኘው የማይሟሟ ሲሊካ ይሆናል። ጥቁር ሻሽ ላይ እንደ ነጭ አሸዋ የሚቀረው፣ ደንበኛ «ኖራ ቀላቅለዋል» የሚላችሁ እሱ ነው። ኢንዛይም፣ ብራይትነርና ሽቶም ዱቄቱ ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ። የኢንዛይምና የሶዳ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ያለ ጭምብል አትሥሩ፤ ላብሳም ቆዳ ያቃጥላል። በረኪና የሚሞላበት ክፍል ውስጥ ላብሳ አትክፈቱ፤ ከተነካኩ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው።

ተራ ጨው ለማብዣ የምትጠቀሙ አላችሁ። ያልተጣራ ጨው ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። እርጥበት ይስብና ዱቄቱን ያጋግራል፣ ልታስወግዱት የምትደክሙበትን ጥንካሬም መልሶ ይጨምራል። ስለ ማሸጊያና ስለ ዋጋ አልጽፍም፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ኤስቲፒፒ ላይ ልቤ ሁለት ነው። በጠንካራ ውሃ ለቅባት የሚተካከለው ርካሽ ነገር አላየሁም። የቀበናም የግንፍሌም የባንትይቀጡም ውሃ ግን ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ነው የሚወርደው። እዚያ ያለውን እምቦጭ ያየ ሰው ፎስፌት እንደ ማዳበሪያ መሆኑን አይረሳም። የአውሮፓ ኅብረት በቤት ውስጥ የልብስ ሳሙና ያለውን ፎስፈረስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገድቦታል። መተው ለምትፈልጉ፣ በ18 ኪሎው ፈንታ 20 ኪሎ ዜኦላይት 4ኤ (ካልሲየም የሚይዝ የማዕድን ዱቄት) ከ3 ኪሎ ፖሊካርቦክሲሌት (እሱን የሚያግዝ ፖሊመር) ጋር አስገቡ፤ ድምሩ 100 እንዲሆን ሰልፌቱን በ5 ኪሎ ዝቅ አድርጉ። ዜኦላይት በቀዝቃዛ ውሃ ይዘገያል፣ ማግኒዥየምን በደንብ አይዝም፣ አይሟሟምም። በደንብ ካልተለቀለቀ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ይተዋል። ለአዲስ አበባ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ግን ዜኦላይቱን እመርጥላችኋለሁ፣ የሚወርድበትን ወንዝ ታዩታላችሁና።

ስለ ውሃ ሳነሳ እንዶድ ትዝ ይለኛል። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረው የእንዶድ ሳፖኒን፣ ማለትም የሚያረፋው ነገሩ፣ እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ አይረጋም። ሻካራ ውሃ ባለበት ሁሉ ያረፋላቸው የነበረው ለዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የእንዶድን ምርምር የጀመሩትም ከዚሁ እጥበት ተነስተው ነው። ከአጣቢዎቹ ጎን ቆሞ ውሃውን ማየት ምን ያህል እንደሚያስተምር ያሳያል። ወደ ዱቄቱ ልመለስ።

የአዲስ አበባ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያጥበው። ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ነው። የቧንቧው ውሃ ከ20 በታች ሲሆን የወጡ ቅቤ ክሩ ላይ እንደረጋ ይቀራል። የምግብ ቤቶች የጠረጴዛ ልብስ ላይ የሚቀረው የዶሮ ወጥ ቀይ፣ በቅባት የሚሟሟ የበርበሬ ቀለም ነው፤ ቅባቱ ካልወጣ አይወጣም። ከወጣ የቀረችውን ፀሐይ ታደበዝዛታለች። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ይህን ጻፉ፦ ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃ መጀመሪያ አሟሙ፣ 3 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ልብሱን አስገቡ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ልብስ ላይ ዱቄት በትኖ ውሃ ማፍሰስ ካልሲየሙን ከእድፉ ጋር ቀድሞ ማገናኘት ነው። ሊፔዝም በአጭር እጥበት ብዙ አይሠራም፣ ጊዜ ስጡት።

አሁን ለልጅቷ፦ ላብሳ አትጨምሪ። አሥር ሊትር የድሬዳዋ ውሃ አስመጪ፤ እስኪመጣ የራስሽን ጠንካራ ውሃ ሥሪ። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 0.294 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬትና 0.246 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት ስታሟሚ 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ይሆናል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ አቡጀዲ ቆርጠሽ በርበሬ የገባበት የቀለጠ ንጥር ቅቤ ጠብ አድርጊበትና አሳድሪው። በሊትር 5 ግራም ዱቄት ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊ፣ 20 ጊዜ እሺ፣ በዚያው ጠንካራ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቂ። የድሮውንም የአዲሱንም ዱቄት ጎን ለጎን ሞክሪ። እድፍ የሌለበት ሌላ ቁራጭ ደግሞ አሥር ጊዜ አጥበሽ አድርቂው። ከዚያ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ከፈላ ኤስቲፒፒውን በ2 ኪሎ ከፍ፣ ሰልፌቱን በ2 ኪሎ ዝቅ አድርገሽ እንደገና ጀምሪ።