የጉድአርኤክስን አክሲዮን መግዛት ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጉድአርኤክስ በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የመድኃኒት ቅናሽ ኩፖን የደም ግፊት መድኃኒቴን ከኢንሹራንሴ ባነሰ ዋጋ እገዛለሁ። የእንዲህ ያለ ድርጅት አክሲዮን ቢገዛ ምን ይከፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመሆኑ ለጉድአርኤክስ ስንት ከፈልሽ? ምንም። ከፋዩ ሌላ ነው። የኩፖኑን ዋጋ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር የሚዋዋሉት ፒቢኤም የሚባሉ አገናኝ ድርጅቶች ናቸው። መድኃኒት ቤቱ በየሽያጩ ለፒቢኤሙ ይከፍላል፤ ፒቢኤሙም ደንበኛ ላመጣለት ጉድአርኤክስ ከዚያው ላይ ቆርሶ ይሰጣል። ስለዚህ ገቢው የተንጠለጠለው በአንቺ ደስታ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ትርፉ በተሸረፈበት መድኃኒት ቤት ትዕግሥት ላይም ነው። አክሲዮኑን የምመዝነው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ ትዕግሥቱ ቢያልቅስ?

መልስ፦ አልቆ አይተናል። በ2022 አንድ ትልቅ የግሮሰሪ ድርጅት በመድኃኒት ቤቶቹ የአንዳንድ ፒቢኤሞችን ቅናሽ አልቀበልም አለ። ዜናው እንደተሰማ የጉድአርኤክስ አክሲዮን ክፉኛ ወደቀ። በ2021 ወደ 745 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የጉድአርኤክስ ገቢ በ2023 ከ750 ሚሊዮን እምብዛም አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ከትልልቅ መድኃኒት ቤቶች ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀምሯል፤ ይህ በጎ ነው። ሆኖም በ2025 ራይት ኤይድ የተባለው የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት ሱቆቹን ሁሉ ሲዘጋ እንደታየው፣ የመድኃኒት ቤቶቹ ሕመም ለእርሱም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ አክሲዮኑ በ2020 በ33 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በመጀመሪያው ቀን ከ50 ዶላር በላይ ዘጋ። በ2025 መጨረሻ ከ5 ዶላር በታች ነበር። ርካሽ አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 50 ዶላሩ ራሱ ስካር ነበር፤ መለኪያ አታድርገው። በ2024 ከ792 ሚሊዮን ዶላር ገቢ የተረፈው የተጣራ ትርፍ 16 ሚሊዮን ገደማ ነው። ድርጅቱ «የተስተካከለ» ብሎ የሚያሳየው ትርፍ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ለሠራተኞቹ በአክሲዮን የከፈለውን ከወጪ ሳይቆጥር ነው። ባለአክሲዮኑን ድርሻውን የሚያሳንስበት ነገር እንዴት ወጪ አይባልም? የ500 ሚሊዮን ዶላር ብድሩንም አትርሳ።

ጥያቄ፦ አማዞንስ አይውጠውም?

መልስ፦ በኅዳር 2020 አማዞን የመድኃኒት ሽያጭ ሲጀምር የጉድአርኤክስ አክሲዮን በአንድ ቀን ከአምስት አንድ እጁን አጣ። ድንጋጤው ከጉዳቱ ይበልጥ ነበር።

ጥያቄ፦ አንተ ትገዛለህ?

መልስ፦ ለጊዜው አልገዛም። ከመድኃኒት አምራቾች የሚያገኘው ገቢ እያደገ ነው፤ ይህ በመድኃኒት ቤቶች መልካም ፈቃድ ላይ ያን ያህል አይመሠረትም። ከጠቅላላው ገቢ ሲሶውን ሲይዝ ሒሳቡን እንደገና እሠራለሁ።