ብር እጄ ላይ አይበረክትም ለምትሉ፦ የጡረታ ቁጠባ ጥያቄና መልስ

ጅማ ያላችሁ ወዳጆች ስለ እርጅና ቁጠባ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ናቸው፤ ራስን መግዛት አቃተን የሚሉ።

«ጋሼ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ለጡረታ እቆጥባለሁ እላለሁ፣ ወሩ ሳይጋመስ ግን ብሩ የለም። ችግሩ እኔ ነኝ?»

አንተ ብቻ አይደለህም። የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ሪቻርድ ቴለርና ኸርሽ ሸፍሪን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ በእያንዳንዳችን ውስጥ ሁለት ሰው እንዳለ አድርገው አስረድተዋል። አንዱ ያቅዳል፣ ሌላው ዛሬን ይኖራል። ብሩ እጅ ከገባ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። ከደመወዝህ ለጡረታ የሚቆረጠውን 7 በመቶ ተመልከት። አሠሪህ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 7ቱን በእጅህ ሰጥተው «ራስህ አስቀምጥ» ቢሉህ ስንት ወር ትዘልቅ ነበር? ስለዚህ ተጨማሪውንም እንደዚያው አድርገው። ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲዛወር ለባንክህ ቋሚ ትዕዛዝ ስጥ። የዚያን ሒሳብ ካርድ አታውጣ፤ ከስልክህም ጋር አታገናኘው።

«ማና ወረዳ ቡና አለኝ። ስሸጥ ጥሩ ብር አገኛለሁ፣ ክረምት ሲገባ ግን ባዶ ነኝ። ወለድም አልፈልግም።»

የእርስዎ ከተቀጣሪው ይከብዳል። ገቢዎ በአንድ ወቅት ይመጣል፣ የሠርጉና የብድሩ ጠያቂም በዚያው ሰሞን ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ አንድ ባንክ ደንበኞቹን «እስከምትወስኑት ቀን ወይም መጠን ድረስ ልቆልፍላችሁ?» አላቸው። ዕድሉ ከቀረበላቸው 28 በመቶው ተቀበሉ። ከዓመት በኋላ ዕድሉ የቀረበላቸው ሰዎች የቁጠባ ዕድገት ካልቀረበላቸው በ81 የመቶኛ ነጥብ በለጠ። እርስዎም በሸጡበት ዕለት፣ ቤት ሳይገቡ፣ የእርጅናውን ድርሻ በጊዜ ገደብ ያስቀምጡ። ከወለድ ነፃ ሒሳብ ያላቸው ባንኮች አሉ። ቁም ነገሩ ወለዱ ሳይሆን ቁልፉ ነው።

ደግሞ ሁሉንም በብር አይያዙ፤ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ከፊሉን ቡናዎን ለማደስ ያውሉት፦ ያረጀውን ቡና በየዓመቱ በከፊል ይጎንድሉ፤ ማለትም ግንዱን ቆርጠው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያድርጉ። ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃል እንጂ መልሶ ያፈራል። ይህን ቁጠባ እንደ ብር ከኪስ አውጥተው ማጥፋት አይችሉም፣ እኔም የምወድለት ይህንኑ ነው።

«ባጃጅ ነው የምነዳው። እቁብ አለኝ፣ አይበቃም?»

እቁብ ግሩም ነው። የማትከፍልበት ቀን ዳኛውን ታፍራለህ፣ ያ እፍረት ጉልበት ይሆንሃል። ችግሩ ዕጣ ሲደርስህ ነው፤ ያጠራቀምከው ሁሉ በአንድ ቀን እጅህ ላይ ይወድቃል። ዕጣው ሳይወጣ የት እንደሚገባ ወስን፤ ለሚስትህም ንገራት።

«ባለቤቴ ቆጣቢ ናት፣ እኔ በታኝ ነኝ። እንጣላለን።»

በሁለት ፊርማ ብቻ የሚወጣ ሒሳብ ክፈቱ። ለአንተም በወር የማትጠየቅበት ትንሽ ብር ይመደብ። ሙሉ በሙሉ የታሰረ ሰው ገመዱን ይበጥሳል።

«አሁን ላይ 100 ብርም አትተርፈኝም፤ ከየት ልጀምር?»

ዛሬ አትጀምሪ! ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት አንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች ቃል የገቡት ከወደፊት ጭማሪያቸው ላይ ነበር። ቁጠባቸው በ40 ወር ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ። የለመዱት ብር ስላልተነካ አልከበዳቸውም። አንቺም የሚቀጥለው ጭማሪ ሲመጣ ግማሹ ወደ ቁጠባ እንዲሄድ አሁኑኑ ለባንኩ ፈርሚ። ጭማሪውን መብላት ከለመድሽ በኋላ ግን ይቆጭሻል።