«ክፍል ቀየርነው» ማለት እርምጃ ነውን?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ታናሽ እህቴ በአንድ የግል ሆስፒታል የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በተኛችበት ሌሊት ተረኛው ነርስ ገላዋን ነካካት። የሕመም ማስታገሻ ተወግታ ስለነበር መጮህ አልቻለችም። በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነገርናቸው። «እኛው እናጣራለን፤ ፖሊስ ዘንድ ከሄዳችሁ ስማችን ይጠፋል» አሉን። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ነርሱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ይሠራል፤ «አልተቃወመችኝም» እያለም ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ለእህትዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ አለመጮኋ እንደ ፈቃድ አይቆጠርባትም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 624 በሥራው አጋጣሚ ተጠቅሞ በእርሱ ቁጥጥር ሥር በሆነ የሆስፒታል ሕሙም ላይ ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት (እንዲህ ያለውን የገላ መነካካት ጭምር) የፈጸመን ሰው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። ኃይል መጠቀሙን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። መከላከል የማይችልን ሰው የሚመለከተው አንቀጽ 623ም አለ። ጉዳዩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ የሆስፒታሉ ማጣራትም ሆነ ሽምግልና የፖሊስን ምርመራ አያስቀርም። ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ቃሏን የምትቀበል ሴት መርማሪ እንድትመደብ ጠይቁ።

ክፍል መቀየሩ በእውነት አስቆጥቶኛል። በዚያኛውም ክፍል የተኙት ሕሙማን ናቸው! ነርሱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው፤ መልስ የመስጠት ዕድልም ይገባዋል። ነገር ግን እስኪጣራ ድረስ ከሕሙማን ማራቅ ቅጣት አይደለም።

ለሆስፒታሉ የምታቀርቡትን አቤቱታ በጽሑፍ አድርጉት፤ ቀኑና የሆስፒታሉ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በእጃችሁ ይቅር። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋቱን ካወቀ በኋላ ሠራተኛውን ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ሲጓተት ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ይለቅና ንጹሕ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዞ ሌላ ክሊኒክ ይቀጠራል። ስለዚህ የሙያ ፈቃዱን ለሚቆጣጠረው የጤና መሥሪያ ቤትም አመልክቱ፤ አቤቱታው በጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ ጠይቁ። ፈቃዱን ማገድም ሆነ መሰረዝ የሚቻለው በዚያ በኩል ነው፤ ሆስፒታሉ ይህን ማድረግ አይችልም።

በአቤቱታው ላይ የዚያ ሌሊት የተረኞች መዝገብ፣ የእህትዎ የሕክምና ካርድና የኮሪደሩ ካሜራ ቅጂ እንዲጠበቅ በግልጽ ጻፉ። የካሜራ ቅጂ በቀናት ውስጥ በሌላ ሊተካ ይችላልና ፖሊስም ቶሎ እንዲይዘው ጠይቁ። አጠገቧ ተኝታ የነበረች ሴት ካለች ስሟን ያዙ። የነርሱን ስምና ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ አታውጡ፤ በአንቀጽ 613 የስም ማጥፋት ክስ ሊያስከትልባችሁ ይችላል።

ካሳን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2129 ጀምሮ ድርጅትና አሠሪ በሠራተኛው ጥፋት ተጠያቂ የሚሆኑበትን ይደነግጋል። ጉዳቱ በሥራ ቦታና ሰዓት ከደረሰ በሥራው ምክንያት እንደ ደረሰ ይገመታል፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም የሆስፒታሉ ነው። መደበኛው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም የካሳው ክስ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት ነው። ለጠበቃ የምትከፍሉት ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።