ጉንጭ ከመሙላትሽ በፊት ፕሬድኒሶሎኑን ንገሪኝ

«ሉፐስ አለብኝ፣ ጉንጬ ጎድጉዷል፣ ከጭኔ ስብ ወስደው ቢሞሉልኝ ምን ይመስላችኋል?» ላልሽው እህቴ። እኔም ሐዋሳ ነኝ። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የገዛ ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አስሞልቻለሁ፣ አልተጸጸትኩም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ፕሬድኒሶሎን ስንት ሚሊግራም ላይ ነሽ?

ሉፐሱን የሚያበርደው ይሄ መድኃኒት ፊት ይነፋል። 40 ላይ እያለሁ አሞራ ገደል ዓሣ ስበላ የተነሳሁት ፎቶ አለ፤ እናቴ ራሷ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላለች። መጠኑ ሲወርድልኝ ጉንጬ ያለቀ መሰለኝ። ለካ አብዛኛው እብጠቱ መውረዱ ነው። የዚያን ጊዜ አስሞልቼ ቢሆን ዛሬ ዱባ ነበርኩ።

የግራ ጉንጬ ጉድጓድ ግን የእውነት ነበር። ሉፐስ አንዳንዴ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያቆጣዋል፤ ሲበርድ ቦታው ሰርጉዶ ይቀራል። ሳይበርድ ከተሞላ አዲሱንም ሊበላው ይችላል። እኔ በሽታው ሳይነሳብኝ ዓመት እስኪሞላኝ ጠበቅኩ።

አዲስ አበባ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ከሳምንት በፊት ፕሬድኒሶሎኑን አቁመሽ ነይ» አለኝ። ለሐኪሜ ስነግራት በጣም ተናደደች። ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ያቅተዋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሊገድልም ይችላል። እዚያ ቤት አልተመለስኩም።

ሁለተኛው ሰርጀን ከሐኪሜ ደብዳቤ ካላመጣሽ አልነካሽም አለኝ። ደም ረግቶብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ምርመራም አዘዘ። አልፎ አልፎ ስቡ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ዓይን እንደሚያጠፋም ሳይደብቅ ነገረኝ። ያመንኩት ያኔ ነው።

ሕመሙ ፊቴ ላይ መስሎኝ ነበር፤ ጭኔ ነው ያሰቃየኝ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ በየጉድጓዱ ጥርሴን ነከስኩ፣ ሾፌሩ «እመጫት ነሽ እንዴ?» አለኝ። ፊቴ ሁለት ሳምንት አብጦ ቆየ። በሦስተኛው ወር ግማሹ ስብ ሟሟ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ የቀረው ነው የአንቺ። የቀረው ደግሞ እንደ ጭን ስብ ነው፣ ስትወፍሪ አብሮሽ ይወፍራል። ስለዚህ የፕሬድኒሶሎን መጠንሽ ከፍ ሲል ፊትሽ ላይ ታያለሽ።

መጠኑንና በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተነሳብሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ከፈለግሽ ለሐኪምሽ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አብረን እናስባለን።