ኪሳችሁ ውስጥ ላለው ኮምፒውተር ሥራ ስጡት

ልጆቼ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። አልፎ አልፎ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ምክር ፍለጋ ይመጡብኛል። ቡና ይፈላል፣ ስለ ሥራ እናወራለን፣ በመሃል ስልክ ይንጫጫል። ልጁ ያየዋል፣ ይስቃል፣ ይመልሰዋል፣ ወሬው የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ «ጋሼ፣ ያ አናግረው ያሉኝ ሰውዬ ማን ነበር ስሙ?» ይለኛል። ስሙን ለመያዝ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቡናው እስኪያልቅ ድረስ ከእጁ አልወረደም። ስልክ ጣሉ የሚል ሽማግሌ አይደለሁም። ነገሬ ሌላ ነው፤ ስልካችሁ ያዛችኋል እንጂ እናንተ ገና አላዘዛችሁትም።

በእኛ ጊዜ ስልክ ሌላ፣ የኪስ ኮምፒውተር ሌላ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 ፓይለት የምትባል ትንሽ መሣሪያ ወጣች፤ ኋላ ሰው ሁሉ በድርጅቷ ስም ፓልም እያለ ነው የጠራት። የፈጠራት ጄፍ ሃውኪንስ መሣሪያዋ ገና ሳትሠራ በልኳ የተጠረበ እንጨት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲያዝ እንጨቷን ያወጣና የሚጽፍባት ይመስላል። ያያችሁት እንደሆነ አበደ ትሉ ነበር። ሰውዬው ግን ሰው በቀን ውስጥ ኪሱን የሚዳስሰው ለምን ለምን ጉዳይ እንደሆነ በዚህ መንገድ ለይቶ አወቀ። ስለዚህም የወጣችው መሣሪያ ከሥሯ አራት ዋና ዋና ቁልፎች ነበሯት፤ አንዱ ለቀጠሮ፣ አንዱ ለአድራሻ፣ አንዱ ለሚሠሩ ነገሮች፣ አንዱ ለማስታወሻ። የመጀመሪያዋ የምትይዘው 128 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ለሳምንታት ያቆያታል።

ለእኔ አንዷን ከውጭ የመጣ ዘመድ ሰጠኝ። ጥቅሟ የገባኝ በኩሽኔታ ነው። የማሽን ሥራ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚገባና ዘንጉን የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። 6205 እና 6305 የሚባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። የውስጥ ቀዳዳቸው እኩል 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም ዘንጉ ላይ ልክ ይገባሉ። ውጪያቸው ግን አንዱ 52፣ ሌላው 62 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽን ቆሟል፣ የፈረቃው ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ቁጥሩ በግሪስ ተሸፍኗል ወይም ተፍቋል። «ዘንጉ 25 ነው» ተብሎ ብቻ ወደ ስቶር የተላከ ልጅ የትኛውን ይዞ እንደሚመለስ አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ማሽን በተከፈተ ቁጥር እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ እዚያው እንደቆምኩ፣ የኩሽኔታውን ቁጥር፣ የቺንጊያውን (የማሽኑን ቀበቶ) ቁጥርና የተቀየረበትን ቀን አስገባ ነበር። ቢሮ ስገባ እጽፈዋለሁ የሚባል ነገር ደረጃው ላይ ይቀራል።

እናንተ ከዚያ እጅግ የተሻለ ይዛችኋል፤ ፎቶ ታነሣላችሁ። ግን ፎቶ አንሥቶ መተው መጻፍ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ ያንን ቁጥር ከሠርግና ከምርቃት ፎቶ መሃል ማን ያወጣዋል? ፎቶውን ማስታወሻ ውስጥ አስገቡትና ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሩ። በአማርኛ ጻፉት። እኔ መሣሪያዬ ፊደላችንን ስለማታውቅ አማርኛውን በላቲን እየጻፍኩ፣ ኋላ ራሴው ለማንበብ እቸገር ነበር። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ዛሬ ኪቦርዱ በነፃ ይጫናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስልክ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እንደተጻፈው ነው፤ በ«ሐ» ጽፋችሁ በ«ሀ» ብትፈልጉት የለም ይላችኋል። አጻጻፉን ማስተካከል ካቃታችሁ ቢያንስ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

ሰዓቱና ቀኑ ላይ ደግሞ ረጋ እንበል፤ ብዙ ልጅ ሲጎዳ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ያለው ልጅ ስልኩ ላይ 3:00 ብሎ ይሞላል። ስልኩ ታማኝ ነው፤ በሌሊቱ 9 ሰዓት ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ግን ዝም። 9:00 ብላችሁ ሙሉና በርዕሱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። የወር ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የቅሬ (የእድር) መዋጮ ወይም በየወሩ በ12 የሚውል ማኅበር ካለባችሁ «በየወሩ» የምትለውን አትምረጡ፤ እሷ የምትቆጥረው የፈረንጅ ወር ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ «በየ30 ቀኑ» በሉት፤ ልክ ይሄዳል፣ እስከ ጳጉሜ ድረስ። ጳጉሜ ሲመጣ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ወደፊት ግፉት። ኢድና መውሊድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚመጡ፣ ደግሞም ጨረቃ ስለሚጠበቅ፣ እነሱን በየዓመቱ በእጅ ማስገባት ነው። ሦስት አቆጣጠር በሚኖርበት ከተማ ያደገ ሰው ይህን ማወቅ አይከብደውም፤ አብሽሩ።

ወደ መዝናናቱ እንምጣ፤ ስለሱ መቆጣት አልወድም። በፋብሪካው ሰርቪስ ከደሴ ስንወርድ እኔም በዚያች ጥቁርና ነጭ መስኮት ላይ ቼዝ እጫወት ነበር። በፈረንጆቹ 2000 ዓመት ፖኬት ፒሲ የሚባሉት ባለ ቀለሞቹ ሲመጡ ሙዚቃና ፊልም በኪስ ሆነ፤ ባትሪያቸው ግን በየቀኑ መሰካት ጀመረ። ዛሬ ያላችሁት የእነሱ ልጅ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ በሐረጎ፣ ለሚጓዝ የምመክረው መስማትን ነው። ጥምዝምዙ ላይ አንገት ደፍቶ ማንበብም ፊልም ማየትም ጨጓራ ያገላብጣል፤ ባይሆን ከተማ ውስጥ በዋይፋይ ትረካ አውርዱ፣ ወይም አምባሰልና ባቲ ክፈቱና ተራራውን እያያችሁ ውረዱ። በጆሮ ማዳመጫ ግን፤ የሚኒባሱ ሕዝብ ምን በደላችሁ?

የድሮዋ መሣሪያ አንድ ትልቅ ፀባይ ነበራት። የቀጠሮ ደወል ካልሆነ በስተቀር አትጣራም። እኔ ስፈልጋት እከፍታታለሁ፣ ስጨርስ ትተኛለች። የእናንተዋን እንደዚያ ማድረግ ይቻላል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ከስልክ ጥሪ፣ ከአጭር መልእክትና ከቀጠሮ በቀር የሌላውን ሁሉ ማሳወቂያ ዝጉ። ቲክቶክ አይቀየማችሁም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀጠሮ፣ ስልክ ማውጫ፣ የሥራ ዝርዝርና ማስታወሻ ይቀመጡ፤ መዝናኛው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሁን። አንድ ጣት ማንሸራተት ያህል ርቀት ብዙ ልማድ ሲሰብር አይቻለሁ። የሥራ ዝርዝሩን ደግሞ አታርዝሙት። ለዛሬ ዐሥራ አምስት ነገር የሚጽፍ ሰው ለራሱ ጌጥ እየጻፈ ነው፤ ሦስት በቂ ነው፣ ከተረፈ ጊዜ ይተርፍ።

የመጨረሻው ስለ መጥፋት ነው። የድሮዎቹ የኪስ ኮምፒውተሮች ባትሪያቸው ጨርሶ ከሞተ የያዙት ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት እንደ እራት የተለመደ ነበር። እናንተ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ ትላላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራትም ኔትወርክም አብረው ጠፍተው ነበር፤ ያኔ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቁጥር ከሌለ አይሻልም። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ስልክ ማውጫችሁን «ኤክስፖርት» በምትለዋ አውጥታችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ አኑሩት። የቤተሰብን፣ የሐኪምንና የአለቃን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ የመታወቂያችሁ መያዣ ውስጥ ክተቱ። የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ግን ወረቀቱም ላይ፣ ማስታወሻውም ውስጥ አይግባ፤ እሱ የጭንቅላት ሥራ ነው። ለእናቶቻችሁም ይህንኑ አድርጉላቸው፤ ቁጥሩን ግን ተለቅ አድርጋችሁ ጻፉት።