«ልጄ በላህ ወይ?»

እንደምን ከረማችሁ በያላችሁበት። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ 17 ዓመት ኖሬ ተመልሼ አሁን ጅማ ነኝ፣ ያባቴን ቡና ነው የማየው። ሰሞኑን ከውጭ አገር ከምትደውሉልኝ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር ነው የምትሉኝ፣ መፀለይ አቃተኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ እግዚአብሔር ረስቶናል እንዴ እያላችሁ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው እንጂ ሰባኪ አይደለሁም፣ ፓርኪንግ ቡዝ (መኪና ማቆሚያ በር ላይ ያለች ጠባብ ክፍል) ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሂሳብ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ።

እናቴ ያረፈችው በ2012 ግንቦት ላይ ነው። ኮሮና አብዛኛውን በረራ ዘግቶት ነበር። እህቶቼ መታመሟን እንኳን አልነገሩኝም፣ ብቻውን ነው ይጨነቃል ብለው። እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን እዛ በሰመር እኩለ ሌሊት አይደል፣ ቡዙ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶዋን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሏል፣ ከስር ሰው እያለቀሰ ኮመንት ይፅፋል። ወዲያው አንድ መኪና መጣ። ቲኬቱን ተቀበልኩ፣ ሂሳቡን ወሰድኩ፣ መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ሳንቲም አልተሳሳትኩም። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ድሮ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቁታላችሁ። ሰውየው ሌሊቱን ተኝቶ ይደር ይባላል፣ ማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አለ። ይሄን ነገር ስልክ ወሰደብን። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ጓደኛችሁ አገር ቤት ሰው እንደሞተበት ከሰማችሁ ፌስቡኩን ተዉትና ሁለት ሶስት ሆናችሁ ከስራ ሲወጣ ጠብቁት። ከቤተሰባችሁ ጋር ደግሞ ዛሬውኑ ተነጋገሩ፣ «የሆነ ነገር ሲኖር አትደብቁኝ፣ ግን መጀመሪያ እዚህ ለእገሌ ደውሉለት፣ እሱ መጥቶ ይንገረኝ» በሉና የእገሌን ስልክ ስጧቸው። እኔ ይሄን ባደርግ ኖሮ ቡዝ ውስጥ ለብቻዬ አልሰማም ነበር።

ከዛ በኋላ እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን ተጣላሁት። ለቅሶ ልድረስህ እያለ የሚደውለው ሁሉ «እሱ ያውቃል፣ ፅና» ይለኛል፣ ቃሉ ትክክል ነው ግን በዛ ሰዓት ጆሮዬ አልሰማውም። የኢዮብን ሶስት ጓደኞች አስቡ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ፣ እስከዛ ድረስ ጥሩ ጓደኞች ነበሩ፣ ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው።

እኔን ያነሱኝ የቤተክርስቲያናችን አንዲት እናት ናቸው። ደውለው ስለ እግዚአብሔር አንድም ቃል አልተናገሩም፣ «ልጄ በላህ ወይ?» ብቻ ነው ያሉኝ። በልቻለሁ አልኩ፣ ውሸቴን ነው። አወቁብኝ መሰለኝ በማግስቱ እንጀራ በፎይል ጠቅልለው ሽሮ በፕላስቲክ እቃ አድርገው ደጃፌ ላይ አስቀመጡና ማስካቸውን እንዳደረጉ ራቅ ብለው ቆሙ፣ እስክበላ ድረስ በመስኮት እያዩኝ አልሄድም አሉ። ያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

በኋላ ሳነበው ኤልያስም ላይ ያው ነው። ኤልዛቤልን ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ዛፍ ስር ሆኖ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት» ሲል እግዚአብሔር ምን ነካህ አላለውም፣ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላና መልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰውና እንደገና ብላ አለው። 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው ከዛ በኋላ ነው። እንግዲህ ደብል ሺፍት እየሰራችሁ፣ በቀን አንዴ ቆማችሁ እየበላችሁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ቴሌግራም ላይ ያገር ቤት ወሬ እያሳደዳችሁ «እምነቴ ደከመ» አትበሉኝ፣ የደከመው ሰውነታችሁ ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉትና ተኙ፣ ክፉ ወሬ እንደሆነ ጠዋትም አይጠፋም።

ፀሎት ላይ ደግሞ አታስመስሉ። እኔን ያዳነኝ መዝሙረ ዳዊት ነው፣ በየቀኑ የተከፈለ ስለሆነ ምን ልበል ብሎ ማሰብ የለም፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። መኪና ሲመጣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ሂሳብ እቀበላለሁ፣ ሲሄድ እቀጥላለሁ። ገና የሰኞው ላይ ዳዊት ራሱ «እስከመቼ ትረሳኛለህ» ብሎ ይሟገታል (የግዕዙ ላይ 12ኛው፣ የአማርኛው መፅሐፍ ቅዱስ ላይ 13ኛው ነው፣ ቁጥሩ አያደናግራችሁ)። እሱ እንደዛ ካለ እኔ ማነኝ ብዬ የተጣላሁትን ጌታ እዛው ቡዝ ውስጥ መልሼ ማናገር ጀመርኩ።

በቪዲዮ ስማችሁን ጠርቶ ራዕይ ታየኝ ገንዘብ ላኩ የሚላችሁን ግን ብሎክ አድርጉት፣ ሌላ አልጨምርበትም።

እንቅልፉ ከሳምንታት በላይ ከጠፋ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሀኪም እዩ፣ ጠበሉም ይጠጣ ክኒኑም ይዋጥ። እዚህ በህዳር ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ደመና ሲመጣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን፣ እያልንም ሸራውን ይዘን እንሮጣለን። ሸራ ስለዘረጋ እምነት የለውም የተባለ ገበሬ አላየሁም።

በ2014 ጅማ ስገባ እቤት ሳልደርስ የጎረቤታችን የሐጂ በር ላይ ቆምኩ። እናቴና እሳቸው ከ30 ዓመት በላይ ቡና ተጠራርተዋል፣ በጨው ነው የሚጠጡት። እናቴ ስታርፍ ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶው ጭር ያለ ነበር ብለው እህቶቼ ነግረውኛል። ሐጂ ግን በርጩማቸውን አውጥተው ሶስት ቀን ሙሉ የኛ አጥር በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ለሶላት ብቻ እየተነሱ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ስኒውን እያቀበሉኝ «ልጆቿ ሲመጡ ሰው ነበር ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ብዬ ነዋ» አሉኝ።