ሻንጣዬን የፈተሸችው የማን ሠራተኛ ናት?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው ወር በሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ሳልፍ ሻንጣዬን የፈተሸችው ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ እንዳልሆነች ነገረችኝ። የቀጠራት የግል ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለግል ድርጅት ይሰጣል? እውነቱን ልንገርዎትና ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የአሜሪካ አየር ማረፊያ ኤክስሬይ ላይ አፍጥጬ እውል ነበር። ያኔ ፍተሻው የአየር መንገዶቹ ኃላፊነት ነው። እነሱ ደግሞ በርካሽ ለሚሠራላቸው ድርጅት ይሰጡታል። ርካሽነቱ የሚመጣው ከእኛ ደሞዝ ነበር። ቢላዋ በስለቱ በኩል ሲታይ ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ያንን ለመለየት ዓይን ወራት ይፈልጋል። አብረውኝ የጀመሩት ግን ዓይናቸው ሳይለምድ የተሻለ ከፋይ አግኝተው ይሄዱ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ከ1998 እስከ 1999 ባለው አንድ ዓመት 19 ትልልቅ አየር ማረፊያዎችን ተመልክቶ፣ በአማካይ 126 በመቶ ሠራተኛ እንደሚቀያየር ጽፏል። ለ100 የሥራ ቦታ በዓመት 126 ሰው ይለቃል ማለት ነው!

ከዚያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መጣ፤ በእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። በኖቬምበር ሕግ ወጣና ፍተሻውን የሚረከብ ቲኤስኤ የተባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ፈታሾቹ ዜጎች መሆን አለባቸው ተባለ። እኔ ገና ዜግነት አልነበረኝም፣ ወጣሁ።

ያው ሕግ ግን አምስት አየር ማረፊያዎች በግል ፈታሽ እንዲሞከሩ ፈቀደ። ሳን ፍራንሲስኮ አንዱ ነው፤ እስካሁን በዚያው ቀጥሏል። ልዩነቱን ልብ በል፦ ዛሬ ኮንትራቱን የሚሰጠው አየር መንገዱ ሳይሆን ቲኤስኤ ነው። የፍተሻው ደንብ አንድ ነው፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች እዚያው አሉ፣ ደሞዙም ከመንግሥት ፈታሽ እንዳያንስ ሕጉ ያስገድዳል። እኛ ይህ ሁሉ አልነበረንም።

በ2018 መጨረሻ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ለ35 ቀን በከፊል ሲዘጋ፣ የቲኤስኤ ፈታሾች ያለ ደሞዝ ሠሩ። ብዙዎች መቅረት ጀመሩ። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ግን ተከፈላቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ደሞዙን ለርካሽ ጨረታ የሚተው ኮንትራት ነው፤ ባጁ ላይ የማን ስም እንዳለ አይደለም።

ያቺን ልጅ እንደገና ካገኘሃት ስንት ዓመት እንደሠራች ጠይቃት። አሥር ካለችህ ተረጋግተህ ግባ።